በማሽላ ላይ የቆመ ጸሎት

መምህር ዋለ ከጸሎቱ በፊት መሬቱን ያደምጣል።

ማለዳ ማለዳ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ከቤቱ በስተምሥራቅ ወዳለችው ቦታ ይወጣል። ፀሐይ ስትወጣ ደህና አድርጋ የምትታየው ከዚያ ነው ይላል። ከዘራውን ያነሣና መሬቱን አንድ ጊዜ ይመታል። ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። የሚመለሰው ድምፅ ድፍን ነው፤ ጠግቦ የተኛ ሰው ሆድ ይመስላል። ያን ጊዜ ፊቱ ይፈታል፤ የጸሎት መጽሐፉን ይገልጣል፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ፣ ኑሮውን ሁሉ በእግዚአብሔር ላይ መጣሉን ለራሱ ለእግዚአብሔር ይነግራል።

ከእግሩ ሥር የነበረው ግን ማሽላ ነው።

ሚስቱ ብርቄ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ስታይ ኖራ ዝም ብላ ነበር። በዚያ ሰኔ አሥራ አንድ ማለዳ ግን፣ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ ልትሄድ ስትወጣ፣ ደጃፉ ላይ ቆም አለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «ለመሆኑ የምትጸልየው ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

መልስ አልጠበቀችም። የአይሱዙው ጥሩምባ ከመንገዱ ዳር ሲጮህ ነጠላዋን እያስተካከለች ሮጠች።

ዋለ ጡረታ የወጣ የሳይንስ መምህር ነው። ክርክር ይወዳል፤ ሽንፈት አይወድም፤ ቁጣው ከቃሉ ቀድሞ ይደርሳል። ከሚሴ ዳር በሚገኘው ግቢው ያለውን ጉድጓድ ያስቆፈረው በዘጠና ሦስት መኸር ነበር። ያን ዓመት የጨፋ ማሽላ አናቱን መሸከም አቅቶት አገዳው ጎብጦ ነበር። መሬቱን እኩል የሚያርስለት ጎረቤቱ ዘይኑ ነው። ምርቱን ተካፈሉና ሁለቱም በየግቢያቸው ቀበሩት። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ ጋን የተቦረቦረ ነው። ውስጡ በእሳት ተለብልቦ ይደርቃል፤ ማሽላው እስከ አንገቱ ይሞላል፤ በላዩ አገዳ፣ በአገዳው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ጭቃና እበት፣ ከዚያ አፈር ይለብሳል። ከላይ የሚሄድ እንግዳ ሰው ምን እንደረገጠ አያውቅም። የሠፈሩ ሰው ግን የሁሉንም ጉድጓድ ያውቃል።

ጉድጓድ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አንዴ ከተከፈተ ተመልሶ አይከደንም። አየር የነካው ማሽላ በነቀዝ ያልቃልና በዚያው ቀን ተራግፎ ይወጣል። ባለቤቱ ለቤቱ ያህል ያስቀራል፤ የቀረውን ጎረቤት በቁና ይወስዳል፤ የእሱ ተራ ሲደርስ ይመልሳል። ደግሞም ማንም ብቻውን አይከፍትም። ታምቆ የኖረው አየር ሰው ይገድላል። ስለዚህ ማለዳ ተከፍቶ እስከ ቀትር ሲተነፍስ ይቆያል፤ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ኩራዙ ካልጠፋ ሰው ይገባል፤ ገመዱንም ጎረቤት ይይዛል። በጥር የዘይኑ ጉድጓድ ሲከፈት ገመዱን ይዞ የቆመው ዋለ ራሱ ነበር። ከዘይኑም ማሽላ ተቆንኖለት ወደ ቤቱ ገብቷል። አላፈረም፤ ሕጉ ነውና ወሰደ።

የራሱ ተራ ሲመጣ ግን ጊዜው ከፋ። መኸሩ ቀድሞውንም ሳያፈራ ቀርቶ ነበር። በልጉም አልጣለም። ሰንበቴ ገበያ ላይ የከብት ዋጋ ወደቀ፤ እህል የያዘ ነጋዴ ደግሞ ፊቱን ማዞር ጀመረ። በሠፈሩ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተከፍተው አለቁ። የቀረው የዋለ ብቻ ነበር። «ክፉ ቀን ገና ነው» ይል ነበር ለብርቄ። ብርቄም «ክፉው ቀን ሲመጣ በምን ይታወቃል? ታርጋ አለው?» ትለዋለች።

ፍርሃቱ ግን ከመሬት የበቀለ አልነበረም። በሰባ ሰባት አባቱ ጉድጓዳቸውን ከፍተው ለሠፈሩ አከፋፈሉ። ግንቦት ላይ ሞቱ። ሕመም ነው ያሉም ነበሩ፤ ረሃብ ነው ያሉም ነበሩ። ዋለ ያኔ ሩቅ አገር ያስተምር ነበርና ሲደርስ ያገኘው አንድ ባዶ ጉድጓድና አንድ አዲስ መቃብር ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በልቡ ውስጥ አንድ ሆኑ። ስለ እምነት ሲናገር የሚጮኸው ምናልባት ይህን ላለመስማት ይሆናል።

በተለይ ትናንት በጣም ጮኾ ነበር። ስለ ዝናብ ከተያዘው ምህላ በኋላ፣ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ፣ የቀድሞ ተማሪው ምንተስኖት ብድግ አለ። ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ የሚተኩስ፣ ለስላሳ ልጅ ነው። «እርዳታው እስኪደርስ ያለንን ቆጥበን እንያዝ» አለ፤ ከዚህ በላይ አልተናገረም።

ለዋለ ግን ይህ በቂ ነበር።

«የአምላክህ ስም እርዳታ ነው እንዴ?» ብሎ ተነሣ። «አሁን ወደ ሰማይ እጃችንን ዘርግተን፣ እጃችን ገና ሳይታጠፍ ስለ ጎተራ ታወራለህ? ጎተራውን እያየ ልቡ የሚረጋ ሰው ክርስቲያን አይደለም፤ የጎተራ ዘበኛ ነው! ደመወዙንም ከነቀዝ ይቀበል!»

አሮጊቶቹ «አሜን» አሉ። ምንተስኖት እንደ ተማሪነቱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጠየቀ፦

«እውነትዎን ነው መምህር። የእርስዎ ጉድጓድ ግን መቼ ነው የሚከፈተው?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ዛፉ ሥር የነበረው ሕዝብ፣ ሆዱ ባዶ መሆኑን ረስቶ፣ ከልቡ ሳቀ።

ዋለ ቤቱ ገብቶ ሲገላበጥ አደረ። ለምንተስኖት የሚሆን መልስ በየሰዓቱ ይመጣለት ነበር፤ ሁሉም ያማረ፣ ሁሉም የሚቆርጥ፤ እውነት የሆነ ግን አንድም አልነበረም። ነገ ደግሞ የሰኔ ሚካኤል ነው። በየዓመቱ ዝክር ይዘክራል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ግቢው ይመጣል። ዘንድሮ የሚቀርብ የለም። ብርቄ ከጨፋ ሮቢት ምን ይዛ ልትመጣ?

አሁን፣ የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ፣ ዋለ መጽሐፉን አጠፈና ዶማውን አመጣ።

ሐሳቡ በራሱ ዓይን ብልህነት ነበር። አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ለዝክሩ የሚበቃ አንድ ጆንያ ማውጣት፣ ማንም ሳያይ መልሶ መለሰን። ሚካኤልም ይዘከራል፤ የምንተስኖትም አፍ ይዘጋል፤ ጉድጓዱም ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። እግዚአብሔርንም ማሽላውንም ሳያስቀይም ያልፋል።

አፈሩን ገፈፈ። እበቱን ሰበረ። ድንጋዩን በጉልበቱ እየገፋ አንሸራተተ። አገዳውን ሲያነሣ ሽታው ወጣ፤ የሚኮመጥጥ፣ የሚሞቅ፣ ሁለት ዓመት ተዘግቶበት የተቆጣ ሽታ። ዋለ ፊቱን አዞረና ሳል ያዘው። ይህን ነገር ስንት ዓመት አስተምሯል! ሻማ ለኩሶ፣ ጠርሙስ ደፍቶ፣ እሳቱ ሲሞት ለልጆቹ አሳይቷል። «እሳት በማይኖርበት ሰውም አይኖርም» ብሎ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፏል። ዛሬ ግን ቀትርን የሚጠብቅ ጊዜ፣ ገመድም የሚይዝለት ሰው አልነበረውም። ሰውን የሸሸው ራሱ ነውና።

በሆዱ ተኛ። ክንዱን ከነቁናው ሰደደ። ማሽላው ከጠበቀው በላይ ወርዷል፤ ጣቶቹ አልደረሱም። ትንፋሹን ያዘና ራሱን፣ ቀጥሎም ትከሻውን አስገባ። ቁናው እህሉን ነካ። ሊያፍስ ሲል ትንፋሹ አመለጠችው። አንድ ጊዜ ሳበ። ጨለማው ቢጫ ሆነ፤ አባቱ ከሥር፣ ከማሽላው ውስጥ፣ በስሙ የጠሩት መሰለው። ወገቡ ተንሸራተተ።

ዘይኑ በአጥሩ ማዶ በሬውን ውኃ እያጠጣ ነበር። በጾም ምድር እንጀራ የሸተተው ያህል አፍንጫውን ቀና አደረገ። የጉድጓድ ሽታ ነው። ሊሳሳት አይችልም። ሰው ግን አይጮኽም፤ ገመድ የሚል የለም፤ ቁና የሚል የለም። ያ ነው ያስደነገጠው። አጥሩን ዘሎ ሲገባ ያየው ነገር በሠፈሩ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ነው፤ ከመሬት ውስጥ ሁለት እግሮች በቅለው፣ አንዱ ጫማ አጥልቆ፣ ሌላው ባዶውን ቆሞ።

«ሰዒዳ! ኮቱ! ኮቱ!» ብሎ ሚስቱን ጠራ። እሷ እስክትደርስ ሁለቱን ቁርጭምጭሚት ጨብጦ ነበር። ባልና ሚስት እንደ ካሮት ጎተቱት። መምህር ዋለ ከነቁናው፣ ጺሙ ውስጥ ማሽላ ተሰግስጎ፣ ወደ ዓለም ተመለሰ።

ሰዒዳ ፊቱ ላይ ውኃ ደፋችበት፤ በሻሿም አራገበችለት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው ሰማዩን ነው። ከጨፋ በኩል ከወራት ወዲህ ያልታየ ጥቁር ደመና ብቅ ብሏል። ቀጥሎ ሁለቱን አያቸው፤ ተቆጣም።

«ማን ጠራችሁ?»

«እግርህ» አለ ዘይኑ።

ሰዒዳ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ወላሂ ዋሌ» አለ ዘይኑ መሬት ላይ ተዘርፍጦ እያለከለከ፤ «እኛ ሬሳ እንኳ ስንቀብር በራሱ አንተክለውም። ይሄ የእናንተ ሥርዓት ነው ወይስ አንተ የጨመርከው?»

«ዝም በል አንተ! ሰውየው ነፍሱ ገና አልተመለሰችም» አለች ሰዒዳ። «ጋሽ ዋለ፣ ውኃ ጎንጨት ይበሉ። አብሽሩ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል።»

ዋለ ተቀምጦ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ሽታውና ጩኸቱ ሠፈሩን ሰብስቦታል። ሰው ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ቁና የያዘ የለም። ማንም አልገባም፤ ባለ ጉድጓዱ ሳይጠራ አይገባምና። ዝም ብለው ያያሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልመናም ወቀሳም አልነበረም፤ ያ ደግሞ ዋለን ይበልጥ አናደደው። ቢለምኑት ይቆጣቸው ነበር፤ ቢወቅሱት ይከራከራቸው ነበር።

«ክደነው» አለው ዘይኑን በለሆሳስ።

ዘይኑ ቀና ብሎ አየው። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። ተነሣ፤ ድንጋዩን ያዘ፤ ወደ ጉድጓዱ አፍ ማንፏቀቅ ጀመረ።

«የአንተ ነው፤ እከድነዋለሁ» አለ ሳያየው። «ጭቃው ግን ዛሬ አይደርቅም። ያ ደመና ከመጣ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበሰብሳል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ምህላ ስትሄድ አምላክህን ደህና አድርገህ ለምነው፤ ዝናቡን ያዝልኝ በለው። እኛ ደግሞ በዱዓችን አምጣ እንለዋለን። ማንኛችንን እንደሚሰማ እናያለን።»

ዋለ ደመናውን አየ። ከመጋቢት ጀምሮ ጉልበቱ እስኪላጥ የለመነው ደመና ነው። አሁን ሲያየው ግን ልቡ «ትንሽ ቆይ፣ አትምጣ» ሲል ራሱ ሰማው። በጆሮው የሰማው ያህል ጥርት ብሎ ሰማው። አፉ ዝናብ ሊለምን፣ ልቡ ድርቅ ሊለምን ነው። እስከ ዛሬስ ስንት ጊዜ እንዲህ ቆሟል? ትናንት «የጎተራ ዘበኛ» ብሎ የጮኸው ለማን ነበር?

«አባቴ ከፍተው ነበር» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «አባቴ ከፍተው ሞቱ፣ ዘይኑ።»

ዘይኑ ድንጋዩን ለቀቀ። መዳፎቹን አራገፈና እያንዳንዱን ቃል እያሰበ ተናገረ።

«ሞቱ። እኔ ነኝ የቀበርኳቸው፤ አንተ አልደረስክም። ከጉድጓዳቸው የበላሁትም እኔ ነኝ፤ ከነልጆቼ።» እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋለት፤ ሲጎትተው የጉድጓዱ አፍ የላጠው ክንድ ነው። «ቅድም በእግርህ የሳበህ ይሄ ነው። ሥጋው ከምን ይመስልሃል? የአባትህ ማሽላ ነው።»

ዋለ ደም የቋጠረውን ሰንበር፣ በፀሐይ የጠቆረውን ቆዳ፣ የተገተረውን ሥር አየ። ባዶ ጉድጓድ ነው ብሎ ሲያስበው የኖረው ነገር፣ ዕድሜውን ሙሉ በአጥሩ ማዶ በሬ ሲጠምድ፣ ሲሳደብ፣ ሲስቅ፣ ማለዳ «አካም ቡልቴ» ሲለው ኖሯል። መልሱ «ነጋ» ነበር፤ ደህና። በየማለዳው ደህና ነኝ እያለ ደህንነቱን ከመሬት ሥር ሲፈልግ ኖሯል።

በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። ወደ አጥሩ ዞረ፤ እና ሌላ አነጋገር አያውቅምና ጮኸ።

«ምን ገትሯችሁ ታዩኛላችሁ? ሰው ተዘቅዝቆ አይታችሁ አታውቁም? ቁና የላችሁም? ደመናው እስኪመጣ ነው የምትጠብቁት? ግቡ እንጂ!»

አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሠፈሩም እንደ ጎርፍ ገባ። ኩራዝ መጣ፤ ገመድ መጣ። ቀትር እስኪሆን ተጠበቀ፤ ኩራዙ ወርዶ ሳይጠፋ ተመለሰ። ዘይኑ ወገቡን አስሮ ገባ። ገመዱን ዋለ ያዘ፤ ሁለት ጎረምሶች ከኋላው ሆነው እሱን ያዙት፤ ዛሬ የሚያምነው አልነበረምና። ማሽላው በቁና እየተሞላ ወጣ። ግድግዳውን የነካው ጠቁሮ ስለነበር ለከብት ተለየ፤ መሀሉ ግን ቀይ፣ ንጹሕ፣ የሚኮመጥጥ ሽታው ምራቅ የሚያስመጣ ነበር።

ምንተስኖት ወሬውን ሰምቶ በተተኮሰው ሸሚዙ ደረሰ። ዋለ ገና ከሩቅ ለየው።

«አንተ ግብርና! ና! ትናንት አንድ ጥያቄ ጠይቀኸኛል፤ መልሱን በጀርባህ ተሸከመው!» ብሎ ሙሉ ጆንያ አሳየው። «የእነ መሊካ ቤት ታውቃለህ? ወንዙ ማዶ ናቸው። ባልቴት ናት፤ እዚህ መምጣት አትችልም። ቀስ ብለህ ሂድ፤ እንዳይፈስ!»

«እሺ መምህር» አለ ምንተስኖት፤ ጎንበስ ሲል እየሳቀ ነበር። «ለእርስዎስ ምን አስቀሩ?»

«አንተን ምን አገባህ? ሂድ ብያለሁ!»

ብርቄ ከጨፋ ሮቢት የተመለሰችው በዚህ መሀል ነው። በጆንያዋ ውስጥ ጥቂት ሽንኩርት ብቻ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሕዝቡን፣ የተከመረውን አገዳ፣ አንድ እግሩ ባዶ የሆነውን ባሏን አየች። ሰዒዳ ሮጣ ሄዳ በጆሮዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ የእግሮቹንም ነገር ሳታስቀር። ብርቄ ሽንኩርቷን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እንባው ሌላ ዓይነት እንባ ሆነ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና የማሽላውን ክምር ማበጠር ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት የሄደው ተመለሰ። ሊጥ ተቦካ፤ ሽሮ ተነፋ፤ ለእስላሞቹ ጎረቤቶች የማያሰክረው መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ ተጠነሰሰ። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ነገ ሥጋ የለም፤ ሥጋ ከሌለ ደግሞ ሁለት ማዕድ አያስፈልግም፤ ሁሉም ካንዱ ይበላል። ሴቶቹ እሳት ዳር ሆነው የዋለን ሁለት እግሮች በአማርኛም በኦሮምኛም እየደጋገሙ ይተርኩ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቋንቋ እግሮቹ ትንሽ ይረዝማሉ።

ለቤቱ የቀረው ከማንኛውም ጎረቤት ድርሻ አይበልጥም። ዋለ ጥግ የቆመችውን ጆንያ አያት።

«ከነገ ወዲያስ?» አላት ብርቄን።

ብርቄ የሊጥ እጇን ሳታብስ ዞር አለች። «ነገ ከሰው ጋር እንበላለን። ስለ ከነገ ወዲያ ያንተን ስብከት ስንት ዓመት ሰምቻለሁ፤ እስቲ ደግሞ አንተ ስማው።»

ሊቆጣ አስቦ ተወው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ወደ ምህላው ከመሄዱ በፊት፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደዚያችው ቦታ ወጣ። ዘይኑ ሰው እንዳይገባበት ብሎ የባዶውን ጉድጓድ አፍ በአገዳና በጥቂት አፈር ሸፍኖታል። ደመናው ከጨፋ ተነሥቶ ሰማዩን እኩሌታ ይዟል፤ ይዝነብ አይዝነብ ገና አልታወቀም። ነፋሱ ግን የረጠበ አፈር ይሸታል፤ የሆነ ቦታ፣ የማን መሬት እንደሆነ ባይታወቅም፣ ጥሎለታል።

ዋለ እንደ ልማዱ ከዘራውን አነሣ። ካነሣ በኋላ ጉድጓዱ ባዶ መሆኑ ትዝ አለው፤ ግን ክንዱ ወረደ።

ድም።

ደነገጠ። ከእግሩ ሥር ከበሮ ነበር። ጠለቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ። በሁለት ዓመት ውስጥ መሬቱ እንዲህ ሲመልስለት ይህ የመጀመሪያው ነው። አካባቢውን አየ፤ የሚያየው የለም። እንደገና መታ።

ድም።

በጓዳ የሴቶቹ ወሬ ቆመ። ብርቄ ይመስለዋል፣ አንድ እጅ በሌላው ላይ ጧ አለ፤ ጭብጨባው ከምቱ ጋር ገጠመ። የሰዒዳ እልልታ ከአጥሩ በላይ ተመዞ ወጣ።

ከሩቅ ሰማዩ አጉረመረመ። ዋለ መጽሐፉን አልገለጠም። ነጠላውን ወደ ትከሻው መለሰና፣ እግሩን አስተካክሎ፣ ከዘራውን እንደገና አነሣ።